ልጅ ስእለት አይደለም

ለወላጆችና ለመምህራን ጉባኤ የተነገረ ዲስኩር



ስለ ልጆቻችን አስተዳደግ እንድናገር ተጠርቼ በፊታችሁ ስቆም፣ የማነሣው ጉዳይ ከእናንተ የተሰወረ ረቂቅ ምሥጢር አለመሆኑን ዐውቃለሁ፤ ልጅ ያላሳደገ፣ ወይም ራሱ በሰው እጅ ያላደገ፣ በዚህ አዳራሽ አይገኝምና። ነገር ግን ዕለት ዕለት የምንሠራው ሥራ ከልማድ ብዛት የተነሣ ሳይመረመር ስለሚቀር፣ ልጁን ለሦስት ከፍለን፣ ልቡን ለእናቱ፣ ትምህርቱን ለመምህሩ፣ የወደፊት ሥራውን ደግሞ ለመንግሥት ምደባ ወይም ለዕድሉ ትተን፣ የትምህርት ቤት ክፍያ በየወሩ ስለ ከፈልን ብቻ ግዳጃችንን የፈጸምን መስሎ ሲታየን ኖሯል። እኔ ዛሬ የምከራከረው እነዚህ ሦስቱ አንድ መሆናቸውን፣ ይልቁንም የመጀመሪያው ከተበላሸ ኋለኞቹ ሁለቱ በገንዘብም በጥናትም ብዛት በቀላሉ የማይቃኑ መሆናቸውን ለማስረዳት ነው።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህን ታሪክ ያላነበበ፣ ወይም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ ያላደመጠ በመካከላችን ብዙ አይመስለኝም። አብዛኛው ሰው በዚያ መጽሐፍ የሚያለቅሰው ለሁለቱ ፍቅረኞች ነው፤ እኔን ግን ዘወትር የሚያሳዝነኝ መጀመሪያው ነው። ቦጋለና ውድነሽ ክፉ ወላጆች አልነበሩም፤ ልጃቸውን ከመውደዳቸው የተነሣ፣ ያድግላቸው ዘንድ፣ ሚስት ሳያገባ ፈጣሪውን እንዲያገለግል ተሳሉ፤ ሕፃኑ ግን አልተጠየቀም፣ ሊጠየቅም አይችልም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ሁሉ፣ የወደዳት ልጅ አባት ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ኩራታቸው የጨመሩበት እንዳለ ሆኖ፣ መነሻው የሌላ ሰው ስእለት በአንድ ሕፃን ትከሻ ላይ መጫኑ ነው።

ዛሬ እኛ ልጆቻችንን ለገዳም አንሳልም። ነገር ግን ገና በአራስ ቤት ሳለ «የኔ ዶክተር» እያልን የምናቈላምጠው፣ እንግዳ በመጣ ቍጥር በዘመድ ፊት አቁመን «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ብለን አስቀድመን ያስጠናነውን መልስ የምናስመልሰው፣ እኛ ሳንሆነው የቀረነውን እንዲሆንልን ቃል የምናስገባው ልጅ ከበዛብህ በምን ይለያል? የበዛብህ ወላጆች ቢያንስ የተሳሉት ለእግዚአብሔር ነበር፤ የእኛ ስእለት ግን ብዙ ጊዜ የሚገባው ለጎረቤት ነው።

ስለ ልብ ልጀምር። ሕፃን ልጅ ሲያለቅስ በብዙ ቤት የሚሰማው የመጀመሪያው ቃል «ዝም በል፣ አያ ጅቦ መጣልህ!» የሚለው ነው። አያ ጅቦ አልበቃ ሲል ፖሊስ ይጠራል፤ ፖሊሱም ሲለመድ «ሐኪም ቤት ወስጄ መርፌ አስወጋሃለሁ» ይባላል። ልጁም ዝም ይላል፤ እናቱም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ጸጥታው ግን ከሰላም የመጣ ሳይሆን ከፍርሃት የመጣ ነው። (ሐኪምን ማስፈራሪያ አድርገን ያሳደግነውን ይህንኑ ልጅ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሐኪም ካልሆንህ ብለን ማስጨነቃችን ለእኔ ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ነገር ነው።)

ሕፃን የስሜቱን ስም አያውቅም፤ በውስጡ የተነሣው ቁጣ ይሁን ቅናት፣ ድካም ይሁን ረኃብ፣ ለይቶ ለመናገር ዕድሜው ስለማይፈቅድለት በለቅሶና በመንፈራገጥ ይናገራል። ታናሽ ወንድም በተወለደ ሰሞን ትልቁ ልጅ «እኔም ልታቀፍ፣ እኔም ጡጦ ልጥባ» ሲል፣ ትቶት የነበረውንም አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ሲጀምር ያላየ ወላጅ የለም። እናቲቱ «አታፍርም? ትልቅ ሰው!» ከማለት ይልቅ አጠገቧ አስቀምጣ «ሕፃኑን ስላቀፍሁት ከፍቶህ ነው አይደል? ና፣ አንተም ተራህ ነው» ብትለው፣ ከመጽናናቱ ሌላ አንድ ትልቅ ሀብት ትሰጠዋለች፤ ይኸውም መከፋቱን የሚናገርበት ቃል ነው። መከፋቱን በቃል መናገር የተማረ ልጅ በጥርስና በጥፍር መናገሩን ቀስ በቀስ እየተወ ይሄዳል። የሰው ልጅ ቁጣውን የሚገታበትና የሥራውን ፍጻሜ አስቀድሞ የሚመዝንበት የአንጎል ክፍል በሙሉ የሚበስለው ከሃያ ዓመት ዕድሜ በኋላ መሆኑን የዘርፉ ሊቃውንት ያስተምራሉ፤ እንግዲህ የአራት ዓመት ሕፃን ራሱን አልገዛም ብለን ስንቈጣ፣ ያልተበደረውን ዕዳ ክፈል ማለታችን ነው።

ይህን ስል ተግሣጽ አያስፈልግም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቈጡት ያለቅሳል» የሚሉት አባቶች እውነት አላቸው፤ ወሰን ያልተበጀለት ልጅ ነጻ ሳይሆን ጭንቀታም ይሆናልና። ነገር ግን አለንጋው፣ ኩርኩሙ፣ ከሁሉም የከፋው በርበሬ ማጠኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በልጁ ጥፋት ሳይሆን በወላጁ የዕለቱ ድካም ነው፤ ያው ጥፋት አባት ደመወዝ በተቀበለበት ቀን በሣቅ ይታለፋል፣ ከአለቃው ጋር በተጣላበት ቀን ያስገርፋል። ልጅም ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ያስተውላል፤ ያስተውልና ጥፋቱን መተው ሳይሆን የአባቱን ፊት ማንበብና መዋሸት ይማራል። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 6 ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ፣ ወዲያውኑ ፊቱን ወደ አባቶች መልሶ ልጆቻቸውን ለቁጣ እንዳያነሣሡ ይገሥጻል፤ እኛ ግን የፊተኛውን ትእዛዝ ልጆችን በቃል እያስጠናን፣ ለእኛ የተጻፈውን ሳናነብ ገጹን እንገለብጣለን። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ መምህራን ሆይ፣ ይህ ለእናንተ የተጻፈ ነው፤ ይሁን እንጂ ልጅ ከክፍሉ በር ሲወጣ ሰውነቱ አይለወጥምና ወላጅም ቢያነበው ይጠቀማል።

ወንዶች ልጆቻችንን በተመለከተ ደግሞ አንድ የቆየ ግፍ አለ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እንላለን፤ ልጁም እንባውን ይውጣል፤ ከተዋጠው እንባ ግን የሚወጣው ብዙ ጊዜ ጡጫ ነው። ለቅሶን በሥርዓቱ በሚያውቅ፣ አልቃሽ ደርድሮ፣ ሙሾ አውጥቶ፣ ሰልስት ቈጥሮ ኀዘኑን በሚወጣ ሕዝብ መካከል፣ ለልጆች ብቻ ኀዘን የሚከለከልበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም። መርዶ የሚረዳ ቀን ልጆች ማለዳ ወደ ጎረቤት ይላካሉ፤ አያታቸው የት እንደ ሄዱ ሲጠይቁ «ጠበል ሄደዋል»፣ «ውጭ አገር ሄደዋል» ይባላሉ። ልጁ ግን ነጠላው ተዘቅዝቆ ሲለበስ፣ ድንኳን ሲተከል፣ ትልቁ ሰው ሁሉ እርሱን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ አይቷል፤ የሆነውን ባያውቅም ከእርሱ አንድ ነገር መሰወሩን ያውቃል፤ ስለዚህ ለብቻው ያዝናል። ሞትን ለዕድሜው በሚመጥን ቃል ነግሮ ከሰው ጋር እንዲያለቅስ መፍቀድ ጭካኔ አይደለም፤ ለብቻው እንዲያለቅስ መተው እንጂ።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ ያወረሱን ሁሉ ክፉ ነው ብዬ የምናገር እንዳይመስላችሁ። ማታ ማታ በምድጃ ዳር የሚጠየቀውን እንቆቅልሽ አስታውሱ። አንዱ «እንቆቅልሽ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ወይም ሐረርን ቈርሶ ይሰጣል፤ አገሩን የተቀበለው ጥቂት አላግጦበት መልሱን ይነግረዋል፤ ከዚያም ጠያቂው ተጠያቂ ይሆናል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ልጅ አለማወቁን በሰው ፊት መግለጥን፣ ተሸንፎ አለመናደድን፣ አሸንፎ አለመታበይን፣ ተራ መጠበቅን ይማር ነበር፤ ያውም አያት፣ አጎትና ታናሽ እኅት በአንድ ክብ ተቀምጠው። ዛሬ በየቤታችን አራት ሰው አራት ስልክ ይዞ በአራት ማዕዘን ተቀምጧል። ስልኩን ማውገዝ ቀላል ነው፤ ልጅ ግን በተወገዘው ፋንታ የሚሆን ነገር ካላገኘ ወደ ስልኩ ይመለሳል፤ በእኔ ግምት ራትን አብሮ በልቶ ግማሽ ሰዓት እንቆቅልሽ መጠያየቅ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

አሁን ወደ ትምህርት ልለፍ። ጥንታዊውን ትምህርታችንን አንዳንዶች እንደ ገነት፣ ሌሎች እንደ ሲኦል አድርገው ሲያወሩት እሰማለሁ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር እየታገለ የለመነ የቆሎ ተማሪ ገነት ነበር ቢባል አያምንም፤ የየኔታ አርጩሜም ቀላል አልነበረም። ሆኖም ያ ትምህርት ዛሬ ያጣነውን አንድ ጥበብ ይዞ ኖሯል። ፊደል ቈጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፣ ዳዊት የደገመ ልጅ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ የሰመረለት ወደ ዜማ ቤት፣ ምሥጢር የሚወድ ወደ ቅኔ ቤት፣ በኋላም ወደ መጽሐፍ ቤት ያዘነብል ነበር፤ መምህሩንም ራሱ መርጦ ከዋሸራ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ዋድላ ይሻገር ነበር። በቅኔ ቤት ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና በወጉ ሳይቀኝ ማንም ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ እንዲሞክር አይታዘዝም፤ አንዱ በወራት የሚያልፈውን ሌላው በዓመት ቢያልፈው ከጓደኛው ዘገየ ተብሎ አይባረርም። ተማሪው ዛፍ ሥር ጋደም ብሎ ቅኔውን ቈጥሮ ሲመጣ፣ መምህሩ እያንዳንዱን ለብቻው ሰምተው ያርሙታል። መምህሩ ዛሬ ማን ምን ላይ እንደ ደረሰ፣ ማን በሰዋስው፣ ማን በምሥጢር እንደሚደክም ያውቁ ነበር።

እኛስ ልጃችን ምን ላይ እንደ ደረሰ በምን እናውቃለን? በካርድ ነው። የካርድ ቀን ማታ በብዙ ቤት የሚሆነውን አስቡት፤ ልጁ ካርዱን በሁለት እጁ ይዞ ይቆማል፤ አባት መነጽሩን አድርጎ ዐይኑ የሚሮጠው በቀጥታ ወደ ደረጃው ነው። «ከስንት ስንተኛ ወጣህ?» አምስተኛ ከሆነ «አራቱ ሁለት ራስ አላቸው?» ይባላል፤ አንደኛ ከሆነ ይሳማል። በአማርኛ 95፣ በሒሳብ 58 ማግኘቱ፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ በሒሳብ 40 እንደ ነበረ፣ እንግዲህ ከማንም ይልቅ የደከመበት ምናልባት ይኸው 58 መሆኑ አይታይም። በካርዱ ግርጌ «ጠባይ» የሚል መሥመር አለ፤ መምህሩ ለሁሉም ያንኑ አንድ ፊደል ጽፎበታል፤ አባትም አያነበውም። እኔ መምህራኑን አልወቅስም፤ በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ልጅ የታጨቀበት መምህር የእያንዳንዱን ጠባይ ሊያውቅ አይችልም። ይህ ማለት ግን የማወቁ ሥራ ከወላጅ በቀር የሚሸከመው የለም ማለት ነው።

ይህ አለማወቃችን የሚያስከፍለን ዋጋ የሚታየው በመጨረሻው ላይ ነው። የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ወስደው ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ነበሩ። ስለ ፈተናው አሰጣጥ፣ ስለ መማሪያ መጻሕፍት፣ ስለ መምህራን ኑሮ ብዙ ተብሏል፤ የሚመለከታቸውም ይበሉበት። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ከመቶው ዘጠና አምስቱ ያ ውጤት በተሰማ ማግሥት ጧት ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ አንድም ቀን አስቦላቸው የነበረ ሰው አልነበረም፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ በር ብቻ አሳይተናቸዋልና። በዚያን ሰሞን ክፍላቸውን ዘግተው የተኙ፣ እህል አልቀምስ ያሉ ልጆች የገጠማቸው የውጤት ማነስ ብቻ አልነበረም፤ የወላጆቻቸውን ስእለት አፍርሰው የሚገቡበት ቤት ያጡም መስሏቸው ነበር። መውደቅን በእንቆቅልሽ ዕድሜው ያልተለማመደ፣ መከፋቱን በቃል መናገር ያልተማረ ልጅ ይህን የመሰለውን መዓት በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በምን ጉልበት ይሸከመዋል? ከላይ ልብና ሥራ አንድ ናቸው ያልሁት ስለዚህ ነው።

የሙያ ነገር ከተነሣ፣ ሕመሙ የቆየ ነው። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን እንንቅ ነበር፤ ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን በማዕድ አንጋብዘውም ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ዐዋጁ ከታወጀ መቶ ዓመት ቢያልፈውም፣ ዛሬም ልጁ ቴክኒክና ሙያ የገባለት አባት ወሬውን ለዘመድ የሚናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ የመኪናው ሞተር በቆመ ጊዜ ግን እጁን ዘርግቶ የሚለምነው ያንኑ ሙያተኛ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ የተከፈተው የአዲስ አበባው ተግባረ እድ፣ የባሕር ዳሩም ፖሊቴክኒክ በዘመናቸው በክብር የሚገባባቸው ቤቶች ነበሩ፤ በኋላ ግን ሙያ ቤት የወደቀ ልጅ መጠራቀሚያ ተደርጎ ታየ፤ ይህን ያህል ሀገርን የጐዳ አስተያየት ጥቂት ነው። በሌላው ወገን ደግሞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች ከመቶ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ በተወሰነ ጊዜ፣ ቍጥሩ ተሞላ፤ ልቡ ግን ታሪክ ወይም ቋንቋ ላይ የነበረ ስንት ወጣት አምስት ዓመት በማይወደው ትምህርት እንደ ተቃጠለ የቈጠረው የለም። መንግሥትም እንደ ወላጅ ይሳላል ማለት ነው።

በተቃራኒው የሆነ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ፤ ጠላት ከተባረረ በኋላ፣ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። አገሪቱ ፈርሳ ነበርና መሐንዲስ መፈለጓ ትክክል ነው፤ ሥዕል ልማር ማለት በዚያን ጊዜ እንደ ቅብጠት ሊቈጠር ይችል ነበር። ነገር ግን እጃቸው ወዴት እንደሚያዘነብል ያስተዋሉ አስተማሪዎች አበረታቷቸውና ለንደን ውስጥ ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ኋላም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስተዋት ሥዕላቸውን ያየ ሰው፣ ያ ልጅ በግድ ማዕድን ቤት ገብቶ ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያ አንድ መካከለኛ መሐንዲስ አግኝታ ማንን ታጣ እንደ ነበር ይገነዘባል። (ይህን ስል ግድግዳ ላይ በከሰል የሞነጫጨረ ሁሉ አፈወርቅ ነው ብሎ፣ ወላጅ ደግሞ በተራው ለሥዕል እንዳይሳል አደራ።)

ታዲያ ምን እናድርግ? በመክሊቱ ምሳሌ ጌታው ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ የሰጠው እንደ እያንዳንዱ ዐቅም ነው፤ ይህ ማለት ከመስጠቱ በፊት አገልጋዮቹን ያውቅ ነበር ማለት ነው። እኛም ከመምከራችን በፊት እንወቅ። ልጁ ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳያመሰግነው የሚሠራው ምን እንደ ሆነ እንይ፤ የተሰበረ ራዲዮ ፈትቶ የሚቀመጥ ልጅ አለ፣ የጎረቤትን ሕፃን ካላቀፍሁ የምትል አለች፣ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ የሚያስታርቅ አለ። የክረምቱ ሁለት ወር በማጠናከሪያ ትምህርት ብቻ አይለቅ፤ ልጁ አንድ ሳምንት በአጎቱ ጋራዥ፣ አንድ ሳምንት በአክስቱ ሱቅ፣ ዘመድ ካለ በገጠር አጨዳ ባይደርስ እንኳ አረም ላይ ይዋል፤ ሥራ ምን እንደሚሸት ይወቅ። ትምህርት ቤቱም በዓመት አንድ ጊዜ ፓይለትና ሐኪም ብቻ ጠርቶ ከሚያስጐበኝ፣ አናጢውን፣ ነርሷን፣ የቡና ቀማሹን፣ የመብራት ኃይል ሠራተኛውን ይጥራልን፤ የእነርሱም ልጆች እዚሁ ይማራሉና አባቶቻቸው በክብር ወንበር ሲቀመጡ ማየት ይጠቅማቸዋል። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል ግን ለስንፍናችን መሸፈኛ አናድርገው፤ የመረጠውን ይሁን ብሎ ልጅን መልቀቅ ልጅን ማክበር አይደለም፣ መሰልቸት ነው። መምከር፣ ማስጠንቀቅ፣ የዚህ ሙያ እንጀራ ቀጭን ነው ማለት የወላጅ ወግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቍርጡን የሚቈርጠው በሥራው የሚኖረው ሰው ነው።

ንግግሬን ሳበቃ አንድ ልመና አለኝ። ከዚህ መድረክ ሆኜ ስመለከት ወንበሮቹን የሞሉት እናቶች ናቸው፤ ከጥቂቶች በቀር አባቶች አልመጡም፤ የሚመጡትም ልጅ ከትምህርት ቤት ሲታገድ ወላጅ አምጣ ተብሎ ነው። ስለዚህ እናቶች፣ እዚህ የሰማችሁትን ማታ ለባሎቻችሁ እንድትነግሩልኝ አልለምናችሁም፤ በሚቀጥለው ጉባኤ እናንተ ከቤት ቅሩና እነርሱን ላኩልን።